ፖለቲካ ወደ ችሎት የሚገባበት በር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና የጽንስ ማቋረጥ ፍርዶች

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 24 ቀን 2022 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጽንስን የማቋረጥ መብት በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ የለም ብሎ በፈረደ ሰሞን፣ በወገኖቻችን መሰብሰቢያ ቦታዎች ሁለት ዓይነት አስተያየት ስንሰማ ሰነበትን። አንደኛው ወገን «ትራምፕ አዘዘ፣ ዳኞቹም ፈጸሙ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ነገሩ የሕግ ትርጓሜ ነው፤ ፖለቲካን ምን አመጣው?» ሲል ይከራከራል። ሁለቱም ከተለያየ አቅጣጫ ተነሥተው አንድ ስሕተት ላይ የወደቁ ይመስለናል። የመጀመሪያው አስተያየት ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ነው። ዳኛ ማታ ተጠርቶ ጠዋት የሚፈርድበትን ዘመን ያየ ሰው፣ ተጽዕኖ ሲባል ትዝ የሚለው ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት መማሪያ የሚያስተምረው ነው። የአሜሪካ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሦስተኛ ነገር ነው፤ ይኸውም ፖለቲካ ወደ ችሎቱ የሚገባው በዳኛው ጆሮ ሳይሆን በዳኛው ወንበር በኩል መሆኑን ነው።

ስለ ድርጊቱ ስለራሱ ሃይማኖታዊ ወይም ሥነ ምግባራዊ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣንም። አንባብያን በዚህ ረገድ የየራሳቸው እምነት እንዳላቸው እናውቃለን። ጥያቄያችን ጠበብ ያለ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ ቃል አንድም ፊደል ሳይለወጥ በ1973 «አለ» የተባለው መብት በ2022 «የለም» የተባለው እንዴት ነው?

እንደሚታወቀው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ዳኞች አሉት። ፕሬዚደንቱ ያጫል፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ማለትም ሴኔቱ፣ ያጸድቃል፤ ዳኛው ከጸደቀ በኋላ ዕድሜ ልኩን ይቀመጣል፤ ደመወዙም በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሊቀነስበት አይችልም። የሾመው ሰው እንኳ ከዚያ በኋላ ሊያዘው አይችልም። ይህ አደረጃጀት የታሰበው ዳኛውን ከፖለቲካ ለመጠበቅ ነበር፤ በአብዛኛውም ጠብቆታል። ነገር ግን ከገባ በኋላ የማይነካ ዳኛ ከመግባቱ በፊት እጅግ ይፈለጋል። ወንዝ በአንድ በኩል ሲገደብ ኃይሉ ሁሉ ወደ ቀረው መውጫ እንደሚዞር፣ የፖለቲካውም ኃይል ሁሉ ወደ ሹመቱ በር ዞረ። ይህ የሆነው ግን በአንድ ጊዜ አይደለም።

«ሮ ከዌድ ጋር» የተባለው ክርክር ጃኑዋሪ 22 ቀን 1973 ሲፈረድ፣ የእናትን ሕይወት ለማዳን ካልሆነ በቀር ጽንስ ማቋረጥን የሚከለክለው የቴክሳስ ሕግ በ7 ድምፅ በ2 ተሻረ። ዳኞቹ የተመረኮዙት ማንም ሰው ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን አይነፈግም በሚለው በ1868 በጸደቀው በ14ኛው ማሻሻያ ላይ ነው። «ነጻነት» የሚለው ቃል የግል ሕይወትን ነጻነት ይጨምራል፤ ባልና ሚስት የእርግዝና መከላከያ እንዲጠቀሙ በ1965 የፈቀደውም ፍርድ ያረፈው በግል ሕይወት መብት ላይ ነው፤ ስለዚህ ሴቲቱ ከሐኪሟ ጋር የምትወስነው ውሳኔም በዚሁ ጥላ ሥር ይገባል አሉ።

እዚህ ላይ ዳኞቹን ማን እንደ ሾማቸው መመልከት ያስፈልጋል። መብቱን ከደገፉት 7 ዳኞች 5ቱን የሾሙት ሪፑብሊካን ፕሬዚደንቶች ነበሩ። ፍርዱን የጻፉት ሃሪ ብላክመን፣ የፍርድ ቤቱ ሊቀ መንበር ዋረን በርገርና ሉዊስ ፓወል የኒክሰን ሹሞች ናቸው። ከተቃወሙት ከሁለቱ አንዱ፣ ዊሊያም ረንኲስት፣ እርሳቸውም የኒክሰን ሹም ሲሆኑ፣ ሌላው ባይረን ዋይት የዲሞክራቱ የኬኔዲ ሹም ነበሩ። ስለዚህ የሾመውን ፓርቲ አይቶ የዳኛውን ድምፅ መገመት በዚያን ጊዜ የሚቻል አልነበረም። ምክንያቱም ፓርቲዎቹ ራሳቸው ገና አልተሰለፉም። ሮናልድ ሬገን የካሊፎርኒያ ገዥ ሳሉ በ1967 ክልከላውን ያላላ ሕግ ፈርመዋል፤ የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤም በ1971 በተወሰኑ ምክንያቶች ጽንስ ማቋረጥ በሕግ እንዲፈቀድ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ጽኑው ተቃውሞ በአብዛኛው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነበር። ከሮ ፍርድ በኋላ የተሾሙት የመጀመሪያው ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ በ1975 ሴኔቱ ፊት ቀርበው ስለዚህ ጉዳይ አንድም ጥያቄ ሳይጠየቁ በ98 ድምፅ በ0 ጸደቁ። ዛሬ ይህን ለወጣቶች ስንነግራቸው የሚያምኑን ጥቂቶች ናቸው።

መሰለፉ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ወንጌላውያኑና ካቶሊኮቹ በአንድ ጎራ ተገናኙ፤ የሪፑብሊካን ፓርቲ የ1980 መግለጫም በየደረጃው ያሉ ዳኞች የጽንስን ሕይወት ቅድስና የሚያከብሩ ሰዎች እንዲሆኑ በግልጽ ጠየቀ። በ1982 የሕግ ተማሪዎች «ፌደራሊስት ሶሳይቲ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ሲጀመር የመወያያ ክበብ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ለወግ አጥባቂ ፕሬዚደንቶች የዳኞች እጩ የሚታወቅበት መረብ ሆነ። በዚያው ዘመን ሬገን በ1981 ያጯቸው ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የጽንስ ማቋረጥ ተቃዋሚዎች ቢጮኹባቸውም በ99 ድምፅ በ0 ጸደቁ። በ1987 ግን ሮበርት ቦርክ የሮን ፍርድና የግል ሕይወት መብትን በጽሑፍ ሲነቅፉ የኖሩ ስለነበሩ በ58 ድምፅ በ42 ወደቁ። ከቦርክ መውደቅ ሁለቱም ወገኖች ትምህርት ቀሰሙ፤ ዲሞክራቶቹ እጩን በአስተሳሰቡ መጣል እንደሚቻል፣ ሪፑብሊካኖቹም ብዙ የጻፈ ሰው ማቅረብ አደገኛ መሆኑን ተረዱ። በቦርክ ፈንታ አንተኒ ኬኔዲ ተሾሙ። በ1990 ደግሞ በብሔራዊው መድረክ እምብዛም የማይታወቁት ዴቪድ ሱተር መጡ።

በዚህ ሁኔታ ነበር «ኬሲ» የተባለው የፔንሲልቫኒያ ጉዳይ በ1992 የቀረበው። ከ9ኙ ዳኞች 8ቱን የሾሙት ሪፑብሊካን ፕሬዚደንቶች ነበሩ። የአባት ቡሽ መንግሥት የሮ ፍርድ እንዲሻር በግልጽ ጠይቋል። የሮ ፍርድ አበቃለት ያላለ ሰው አልነበረም። ሆኖም ጁን 29 ቀን 1992 ውጤቱ ሲነበብ፣ ኦኮነር፣ ኬኔዲና ሱተር ሦስቱ በጋራ ባዘጋጁት ጽሑፍ መብቱ በመሠረቱ በ5 ድምፅ በ4 ጸና። ሦስቱም የሬገንና የቡሽ ሹሞች ናቸው። ብቸኛው የዲሞክራት ሹም፣ ባይረን ዋይት፣ ይሻር ካሉት ጋር ቆሙ።

ብላክመን በ1999 ከሞቱ በኋላ በ2004 ለሕዝብ የተከፈቱት ወረቀቶቻቸው እንደሚያሳዩት፣ ኬኔዲ በመጀመሪያው የዳኞች ስብሰባ ላይ ከረንኲስት ወገን ነበሩ፤ አሳባቸውን የለወጡት በኋላ ነው። ለምን? ሦስቱ ዳኞች ራሳቸው በጻፉት ውስጥ መልሱ አለ። ፍርድ ቤት ሠራዊትም ግምጃ ቤትም የለውም፤ ያለው የሕዝብ እምነት ብቻ ነው፤ በፖለቲካ ግፊት መካከል፣ አዲስ ምክንያት ሳይገኝ፣ ዳኛ ስለ ተለወጠ ብቻ ፍርድ ቢገለበጥ ያ እምነት ይናዳል የሚል ነው። በርግጥ ሮን እንዳለ አልተዉትም። ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ መኖር እስከሚችልበት ጊዜ ድረስ መብቱን ጠብቀው፣ የ24 ሰዓት መቆያና ለአካለ መጠን ላልደረሰች ልጅ የወላጅ ፈቃድ እንዲጠየቅ ፈቀዱ፤ ሚስት ለባሏ እንድታሳውቅ የሚያስገድደውን ክፍል ብቻ ሻሩ። ያንን ክፍል በታችኛው የይግባኝ ችሎት በ1991 ይጽና ብለው በልዩነት የጻፉ አንድ ዳኛ ነበሩ፤ ስማቸው ሳሙኤል አሊቶ ነው። ይህን ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ኬሲን አንዳንዶች የዳኝነት ነጻነት ድል አድርገው ጻፉ። እኛም በዘመኑ እንደዚያ ከሚያስቡት ነበርን። አሁን ስናየው ግን ከድሉ ጎን አንድ ማስጠንቀቂያ ቆሞ ነበር። ብላክመን በዚያው ፍርድ ላይ በጨመሩት አስተያየት ዕድሜያቸው 83 መሆኑን፣ ለዘላለም በችሎቱ ሊቀመጡ እንደማይችሉ፣ ሲለቁም የተተኪያቸው ሹመት በዚህ ጉዳይ ላይ ሊያተኩር እንደሚችል ጻፉ። አንድ ሕገ መንግሥታዊ መብት በአንድ ሽማግሌ ጤንነት ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ቃል አላገኘንም።

የተሸነፈው ወገን ግን መፈክር አወጣ፤ «ዳግመኛ ሱተር አይምጣብን» የሚል። ከእንግዲህ የሚሾመው ሰው አሳቡ የማይታወቅ ሳይሆን በመረቡ ውስጥ ለዓመታት የታየና የተመዘነ ይሁን ማለት ነው። በ2005 ልጅ ቡሽ የቅርብ ረዳታቸውን ሃሪየት ማየርስን ሲያጩ የመጣው ተቃውሞ በዋናነት ከዲሞክራቶች ሳይሆን ከራሳቸው ጎራ ነበር፤ የሴትዮዋ አቋም በበቂ አልታወቀምና። ማየርስ ራሳቸውን አገለሉ፤ በምትካቸው አሊቶ መጡ፤ በጃኑዋሪ 2006 የኦኮነርን ወንበር ያዙ።

የአንድ ወንበር መለወጥ ምን ያህል እንደሚያደርግ ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በእርግዝና ኋለኛ ጊዜ ከሚሠራባቸው የማቋረጫ ዘዴዎች አንዱን የከለከለው የነብራስካ ሕግ በ2000 በ5 ድምፅ በ4 ተሽሮ ነበር፤ ኦኮነር ከሻሩት ጋር ነበሩ። ኮንግረሱ በ2003 ተመሳሳይ ሕግ አወጣ፤ እንደ ነብራስካው ሁሉ ለእናት ጤንነት የተተወ ልዩ ሁኔታ አልነበረበትም። በ2007 ሕጉ ወደ ፍርድ ቤቱ ሲቀርብ በ5 ድምፅ በ4 ጸና። ሩት ቤደር ጊንስበርግም ፍርድ ቤቱ ቀድሞ ጉዳዩን ካየበት ጊዜ በተለየ ሰው የተዋቀረ መሆኑን በተቃውሟቸው ውስጥ መጥቀሳቸው አልቀረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለአብዛኛው አንባቢ ቅርብ ስለሆነ አናስረዝመውም። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2016 አንቶኒን ስካሊያ ሞቱ። ኦባማ ሜሪክ ጋርላንድን አጩ፤ በሚች መኮነል የሚመራው ሴኔት በምርጫ ዓመት ሕዝቡ ይወስን ብሎ እጩነቱን 293 ቀን ያለ ምርመራ አሳደረው። ትራምፕ የሚሾሟቸውን ሰዎች ዝርዝር ገና ሳይመረጡ አወጡ፤ በምርጫ ክርክርም እርሳቸው ከተመረጡ የሮ ፍርድ መገልበጥ በራሱ የሚመጣ ነገር እንደሚሆን ተናገሩ። በ2017 ኒል ጎርሰች፣ በ2018 ብሬት ካቫኖ ተሾሙ። ለጎርሰች ሲባል ሴኔቱ ክርክር ለመዝጋት 60 ድምፅ የሚጠይቀውን ደንብ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሹመት አነሣ፤ ዲሞክራቶቹም በ2013 ለበታች ፍርድ ቤቶች ሹመት ይህንኑ አድርገው እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2020 ጊንስበርግ ሲሞቱ ምርጫው ሊደረግ 46 ቀን ቀርቶት ነበር። በ2016 የተባለው ቃል ተረሳና ኤሚ ኮኒ ባረት ምርጫው 8 ቀን ሲቀረው በ52 ድምፅ በ48 ጸደቁ።

እኛን ከሁሉ የሚገርመን ግን የሹመቱ ሩጫ ሳይሆን የከሳሽና የተከሳሹ ጠባይ ነው። ሚሲሲፒ ከ15 ሳምንት በኋላ ጽንስ ማቋረጥን የሚከለክለውን ሕግ ያወጣችው በ2018 ነው። የበታች ፍርድ ቤቶች ስለ ሻሩባት በጁን 2020፣ ጊንስበርግ በሕይወት ሳሉ፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታ አቀረበች። በዚያ አቤቱታ ላይ ያነሣቻቸው ጥያቄዎች የሮን ወይም የኬሲን ፍርድ መሻር የግድ እንደማይጠይቁ ጽፋ ነበር። ጥንቃቄው ከንቱ አልነበረም፤ በዚያው ወር ሊቀ መንበሩ ጆን ሮበርትስ በ2016 የተቃወሙትን ፍርድ፣ ከተፈረደ መከበር አለበት ብለው፣ በሉዊዚያና ጉዳይ በአምስተኛ ድምፅነት አጽንተውታል። ፍርድ ቤቱ የሚሲሲፒን አቤቱታ ለወራት አቆይቶ በሜይ 2021 ተቀበለው። በጁላይ 2021 ሚሲሲፒ ዋናውን መከራከሪያ ስታስገባ ሁለቱም ፍርዶች ጨርሰው እንዲሻሩ ጠየቀች። ሕጉ ያው ሕግ ነው፤ ፍሬ ነገሩም ያው ነው። በመካከል የተለወጠው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። አባቶቻችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ያሉትን፣ የሚሲሲፒ ጠበቆች ሳይሰሙት ፈጸሙት።

«ዶብስ» የሚባለውን ፍርድ የጻፉት አሊቶ ናቸው። ሮበርትስ የሚሲሲፒ ሕግ ይጽና፣ ሮ ግን አይሻር ብለው ብቻቸውን ሲቀሩ፣ መሻሩ በ5 ድምፅ በ4 አለፈ። አምስቱንም የሾሙት ሪፑብሊካን ፕሬዚደንቶች ናቸው፤ መሻሩን ከተቃወሙት መካከል ሦስቱን የሾሙት ዲሞክራቶች ናቸው። የ1973ን አሰላለፍ ከዚህ ጋር ያስተያዩአል።

የአሊቶን መከራከሪያ ማቃለል አይገባም። ሕገ መንግሥቱ ስለ ጽንስ ማቋረጥ አይናገርም፤ በጽሑፉ ያልተነገረ መብት በአገሪቱ ታሪክና ልማድ ሥር የሰደደ መሆን አለበት፤ በ1868 አብዛኞቹ ግዛቶች ይህን ድርጊት ይከለክሉ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለሕዝቡ እንደራሴዎች ይመለስ የሚል ነው። ከሮ ደጋፊዎች መካከልም ፍርዱ ከሚገባው በላይ ሰፍቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ወሰነ ብለው የነቀፉ ነበሩ፤ ጊንስበርግ ራሳቸው አንዷ ናቸው። እንዲያውም የሮ ፍርድ ራሱ የዘመኑ የፖለቲካ ነፋስ የወለደው ነው ለሚል ሰው ሙሉ በሙሉ ተሳስተሃል ለማለት እንቸገራለን። ነገር ግን ይህ የ1868 መከራከሪያ አዲስ አይደለም። ረንኲስት በ1973 የተቃውሞ ጽሑፋቸው ውስጥ በዚያ ዓመት ቢያንስ 36 የግዛት ሕጎች ጽንስ ማቋረጥን ይገድቡ እንደነበር ቆጥረው አቅርበውታል፤ ያገኙት ግን አንድ ተጨማሪ ድምፅ ነው። ያው ምክንያት በ49 ዓመት ውስጥ ከ2 ድምፅ ወደ 5 ድምፅ ካደገ፣ ያደገው ምክንያቱ ሳይሆን ሰሚው ነው።

ጉዳዩ ወደየግዛቱ ሲመለስም ያው በር ተከትሎት ሄደ። በደቡብ ካሮላይና የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃኑዋሪ 2023 ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚከለክለውን ሕግ በ3 ድምፅ በ2 ሻረ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት፣ በችሎቱ ብቸኛ ሴት የነበሩት ዳኛ፣ ለጡረታ ዕድሜ ስለ ደረሱ ለቀቁ፤ ዳኞችን የሚመርጠው የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በምትካቸው ወንድ ዳኛ መረጠ፤ በኦገስት 2023 ያው ፍርድ ቤት በጥቂቱ የተሻሻለውን ያንኑ ሕግ በ4 ድምፅ በ1 አጸና። በዊስኮንሲን ዳኛ የሚመርጠው ሕዝቡ ነውና ነገሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄደ። በ2023 የጽንስ ማቋረጥ መብትን የምርጫ ዘመቻቸው ዋና ጉዳይ ያደረጉ እጩ አሸነፉ፤ የችሎቱ ብዛት ተገለበጠ፤ በጁላይ 2025 የ1849ን ክልከላ በ4 ድምፅ በ3 ውድቅ አደረገ። ስለዚህ ዛሬ በዳላስ የምትኖር የወገናችን ሴት ልጅና በሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቷ ልጅ በአንድ አገር ዜግነት ውስጥ ሆነው በሁለት ሕግ ሥር ይኖራሉ።

ይህን ሁሉ ማተታችን ስለ አሜሪካ ብቻ ብለን አይደለም። በኢትዮጵያ የጽንስ ማቋረጥ ጉዳይ የተወሰነው በችሎት ሳይሆን በምክር ቤት ነው፤ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ በ551ኛው አንቀጽ በአስገድዶ መድፈርና በቅርብ ዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ለተገኘ ጽንስ፣ ለእናት ሕይወትና ጤንነት አደጋ፣ ለማይድን የጽንስ ጉድለት፣ እንዲሁም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል በሆነች ጊዜ ፈቀደ። በ1995 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ይህም ፖለቲከኞች የሚቀመጡበት ሸንጎ ነው። በስደት ያለን ምሁራን ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት እንስጠው እያልን ለዓመታት ጽፈናል፤ ዛሬም ያንኑ እንላለን። ነገር ግን ከጽሑፎቻችን ብዙዎቹ «ለፍርድ ቤት ይሰጥ» ካሉ በኋላ ነጥብ አድርገው ያበቃሉ። ዳኛውን ማን ያጨዋል? በስንት ድምፅ ይጸድቃል? ስንት ዓመት ይቀመጣል? እነዚህን ያልመለሰ ረቂቅ ፖለቲካውን ከምክር ቤቱ አስወጥቶ በችሎቱ በር የሚያስገባ ነው።

የፖላንድ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በ2016 ሴቶች ጥቁር ለብሰው አደባባይ ስለ ወጡ ምክር ቤቱ ጽንስ ማቋረጥን ፈጽሞ የሚከለክለውን ረቂቅ ጣለው። የእንደራሴዎች ቡድን ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ከ2015 ጀምሮ የዳኞቹ አሿሿም ሲያወዛግብ በኖረው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ፤ ኦክቶበር 22 ቀን 2020 ፍርድ ቤቱ በጽንስ ጉድለት ምክንያት የተፈቀደውን ማቋረጥ ሻረ። በምክር ቤት በአደባባይ ያልተገኘው በችሎት ተገኘ።

ጀርመን ለረጅም ጊዜ የተሻለ አብነት ሆና ኖራለች። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ዳኞች በሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመረጣሉ፤ የሚቀመጡት 12 ዓመት ብቻ ነው፤ ዳግመኛም አይመረጡም። አንድ ፓርቲ ብቻውን ሊሾም ስለማይችል ለሁሉም ወገን የሚዋጥ ሰው መፈለግ ግድ ይሆናል። በ1975ም ሆነ በ1993 ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሰጣቸው ፍርዶች ብዙ ሰው ቢያስቀይሙም በአሜሪካ ያየነውን ዓይነት የወንበር ጦርነት አላስነሡም። ይህ ጥበቃ ግን ስምምነቱ እስካለ ድረስ ነው። በጁላይ 2025 የሶሻል ዲሞክራቶቹ እጩ የነበሩት የሕግ ፕሮፌሰር ፍራውከ ብሮሲዩስ ጌርስዶርፍ፣ ስለ ጽንስ ማቋረጥ በያዙት አቋም ምክንያት ብዙ የወግ አጥባቂ እንደራሴዎች አንመርጣቸውም ስላሉ ምርጫው ከአጀንዳ ወረደ፤ በኦገስት ወር ሴትዮዋ እጩነታቸውን ተዉት።